ኖክ የተባለችው ሚኒባስ

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቶ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ስማልኝ» አለኝ። ከመካኒክነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሲገኝ የያዝኩትን ጥዬ ነው የምነሣው። መነጽሬን አደረግኩ፣ ኮፋኖዋን አስከፈትኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ዝም። አስነሣት አልኩት። ተነሥታለች እኮ አለኝ። እንደገና ጎንበስ አልኩ፤ አሁንም ዝም። ሚስቴ ከበረንዳ ሆና ምን እንዳገኘሁባት ስትጠይቀኝ ጤነኛ ናት ብዬ መለስኩ። በምን አወቅክ ብትለኝ ኖሮ ጉዴ ይፈላ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በድምፅ ነው። መኪና በሰፈራችን ስታልፍ ሳላያት የማን እንደሆነች እናገር ነበር። አሁን ወጣቶቹ የሚማሩት ስለ ባትሪ ነው፤ እሰየው፣ ይማሩ፣ እኔ አልከፋኝም። ብቻ ሞተር የሚያንኳኳበት ዘመን ጨርሶ ሳይረሳ ያየሁትን ላውጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ሚስቴ «ጡረታ የወጣኸው ከሥራ ነው እንጂ ከወሬ አይደለም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ጌታቸው ይባላል። አያቴ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ሥራ የጀመርኩት ጌዶ በነበረ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ነው፤ ግሬደርና ገልባጭ መኪና እናድስ ነበር። አለቃችን የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ጥቂት አዳምጦ «ሦስተኛው ፒስተን ታሟል» ይል ነበር። ሲፈታ ሦስተኛው ታሞ ይገኛል። ሞተር መስማትን የቀሰምኩት ከእሱ ነው። ከዚያ ጉደር ወርጄ ትራክተር ስጠግን ብዙ ዓመት ቆየሁ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ለወሬም የሚበቃ አልነበረም።

በ2006 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተመልሼ የአቶ ተሾመ ጋራዥ ውስጥ ተቀጠርኩ። ተሾመ ከወሎ በኩል የመጣ፣ ሳቂታ፣ ሲያወራ መንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ የሚኮራው በሞተር ማንሻው ነበር። ከጣሪያው ብረት ላይ የተንጠለጠለ፣ ወፍራም ሰንሰለት ያለው፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ማንሻ ነው። ሰንሰለቱ ሥራ ፈትቶ ሲያይ ያመዋል። መኪናዬ ትንሽ ተንተባተበችብኝ የሚል ደንበኛ ከመጣ መልሱ አንድ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ።

እኔ ስገባ ከተማው ኮምፒውተር ባላቸው የቤንዚን መኪኖች ተሞልቶ ነበር። እነዚህ መኪኖች ሲከፋቸው ድምፅ አያሰሙም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ያበራሉ። ያን መብራት ሳይ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋኛል። አንዳንዱ ሾፌር መብራቱ ዓይኑን እንዳይወጋው ፕላስተር ይለጥፍበት ነበር። እኔም በልቤ፣ ከዚህ የተሻለ ጥገና እኔም አላውቅ እል ነበር።

ከዚህ ጣጣ ያወጣችኝ ለሊሴ ናት። ለሊሴ በከተማችን የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ታስተምራለች፤ ከማስተማር በተረፋት ሰዓት እኛ ጋራዥ ትሠራለች። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ስትመጣ ተሾመ «ይኸው አስተማሪ አመጣሁልህ» ሲለኝ ለልምምድ ለሚመጡት ተማሪዎች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለእኔ ኖሯል። መጀመሪያ ትንሽ ኮራሁባት። ኩራቴ ብዙም አልቆየ፤ ሥራዋን ያየ ሰው ከመማር በቀር ሌላ አያምረውም።

ለሊሴ ሽቦ ከመንካቷ በፊት እጇን በንጹሕ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ጨርቁ ሁልጊዜ ከኋላ ኪሷ አይጠፋም። ኮፋኖ ከመክፈቷም በፊት ባለመኪናውን ታስወራዋለች። እኛ ደንበኛን ምን ሆነች ብለን ነው የምንጠይቀው፤ እሷ የምትጠይቀው መቼ ብላ ነው። ለኦሮምኛ ተናጋሪው «ዮም?» ትለዋለች፤ ያው መቼ ማለት ነው። ጠዋት ነው? ሲሞቅ ነው? ሲዘንብ ነው? ሰውየው ከስንት ጊዜ በፊት እንደገዛት፣ ማን እንደነካካት፣ የት እንደሚያቆማት ሁሉ ይናዘዝላታል። ተሾመ በዚህ ጊዜ ሰንሰለቱ ሥር ቆሞ ይቁነጠነጣል።

ከእሷ የተማርኩት ትልቁ ነገር የሞተርን ጆሮ ነው። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ከሰዓቱ ቀድሞ ሲፈነዳ ፒስተኑን ይመታዋል፤ ኳ ኳ ይላል። ይህን የሚሰማ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር የታሰረ ትንሽ ዕቃ አለ። ምቱን ሲሰማ በሽቦው በኩል ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ጥቂት ያዘገየዋል፣ ምቱ ይቆማል። ዕቃው ወይም ሽቦው ሲበላሽ ግን ኮምፒውተሩ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ለጥንቃቄ ብሎ እሳቱን ሁልጊዜ ያዘገያል። መኪናዋ ትሄዳለች፤ ግን ጉልበቷ ይወርዳል፣ ቤንዚን ታበዛለች፣ ቢጫዋ መብራት ትበራለች።

የዚህ ዕቃ ስም ኖክ ሴንሰር ነው። መከራው የሚጀምረውም ከስሙ ነው። በእኛ አገር የጋራዥ ቋንቋ ሞተሩ ኖክ አደረገ ከተባለ የውስጥ ብረቱ ተበላልቶ አልቆለታል ማለት ነው። ባለቤቱን እግዜር ያጥናህ ነው የሚሉት። አንዲት ቃል ለሁለት ነገር፤ አንዱ የሞተር ሞት፣ ሌላው የአንዲት ሽቦ ጉንፋን።

ለሊሴ ጆሮው ደኅና መሆኑን የምታይበት መንገድ ደስ ይለኝ ነበር። የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ከሽቦው ታገናኝና በትንሽ መዶሻ ከዕቃው አጠገብ ያለውን ብረት ቆርቆር ታደርጋለች። ስትመታ ታዲያ ደጅ እንደ ቆመ እንግዳ «ቤቶች!» ትላለች። የቴስተሩ ቁጥር ብድግ ካለ «ይግቡ ብለውናል» ትላለች፤ ዝም ካለ «ሰው የለም» ብላ ትቀጥላለች። እኔም ለመድኩት፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ቤቶች ሳልል ሞተር አላንኳኳሁም።

አንድ ጊዜ ከሐሮ ወንጪ አንድ ሰው መጣ። ሐይቁን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን በራሱ መኪና የሚያመላልስ ነው። ልጁን ሊድር ስለነበረ መኪናዋንም ለሠርጉ አሳምሯት ነበር፤ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ሞተሯን ሳይቀር ብርማ ቀለም ቀብቷታል። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልጠፋም፣ የወንጪን ዳገት መውጣትም አቃታት። ለሊሴ መቼ ጀመረ ብትለው ከቀለሙ ማግስት አለ። አንኳኳች፤ ሰው የለም። ዕቃውን ስትፈታው ከሥሩ ቀለሙ ወፍሮ ተገኘ። ሰውየው በጥንቃቄ ብዛት ጆሮውን ፈትቶ፣ መቀመጫውን ሳይቀር ቀብቶ፣ መልሶ አስሮታል። ጆሮው ደግሞ ብረት በብረት ላይ ካልተቀመጠ አይሰማም። ቀለሙን ፋቅን፣ የጥብቀቱን ልክ በሚለካው መፍቻ በልኩ አሰርነው፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅም ይደነቁራልና። ስናንኳኳ ቁጥሩ ዘለለ። ሰውየው ከሠርጉ በኋላ ማር ይዞልን መጣ፤ ተሾመ ሰንሰለቱ ሳይንቀሳቀስ የተበላ ማር ብሎ ሲስቅ ዋለ።

አሁን ወደ ገመቹ ልምጣ። ብዕር ያነሣሁትም ለእሱ ስል ነው።

ገመቹ የጉደር ሰው ነው። ወጣትነቱን የጨረሰው የሰው ቦቴ እየነዳ በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። በዓል ሲደርስ ብቅ ይላል፣ ልጆቹ እንደ እንግዳ ያፍሩታል፣ ሊለምዱት ሲጀምሩ ተመልሶ ይሄዳል። በኋላ ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ተጋግዘው አንዲት የቤንዚን ሚኒባስ ገዙ። ከአምቦ በጉደር በኩል ጌዶ ሰው ያመላልሳሉ። እሱ መሪውን ይይዛል፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠራለች፣ ሒሳብ ትሰበስባለች፣ አመል ያለውን ተሳፋሪ ሥርዓት ታስይዛለች። ሴት ረዳት በዚያ መስመር ብርቅ ስለሆነች ሰዉ መኪናዋን «የአስካለ» ነው የሚላት። ገመቹ ይህን ሲሰማ ይስቃል እንጂ አይከፋውም። ማታ ማታ አብረው ነዋ የሚገቡት።

አንድ ቀን ጋራዥ መጣና ከመኪናው ሳይወርድ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ ቀረ። ሄጄ አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ብለው ቀና አላለም። ወደ ጌዶ በሚወስደው ዳገት ላይ መኪናዋ ጉልበት እያጣች ተቸግሮ ነበርና አዲስ አበባ ወስዶ በኮምፒውተር አስመርምሯት ነበር።

«ጋሼ፣ ኖክ ነች» አለኝ።

ሰው ዘመዱን ሲያረዳ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ከዚያ የልቡን ሁሉ ነገረኝ። ሌላ ሞተር የሚገዛበት አቅም የለውም። መኪና አርደው ዕቃዋን ለየብቻ ከሚሸጡት አንዱ አዲስ አበባ ስልኩን ሰጥቶታል። ለእሱ ይሰጣትና ወደ ቦቴው ይመለሳል፤ የድሮ አሠሪው ተቀብሎታል። አስካለ ታውቃለች ወይ ብለው መሪውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

ሞተሩን አስነሣሁት። ካቻቢቴዬን ተክዬ ከዳር እስከ ዳር አዳመጥኩ፤ ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሄደው። ኖክ ያደረገ ሞተር እንዲህ አይሰማም አልኩት። እሱ ግን ማሽኑ ነው ያለው ብሎ ሙጭጭ አለ። ተሾመ በበኩሉ ሰንሰለቱን ማውረድ ጀምሯል። ያን ጊዜ ለሊሴ መጣች፣ ገመቹ ከአዲስ አበባ ያመጣውን የምርመራ ወረቀት አየችና ሳቅ አለች። አዲስ አበባ የመረመረው ሰው አልዋሸም፤ ማሽኑ የጻፈው ስለ ኖክ ሴንሰር መስመር ነው። ገመቹ ከዚያ ሁሉ የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። በእርግጥ ማን ይፈርድበታል? ሐኪም ስለ ልብህ ላናግርህ ቢለን ስንቶቻችን ነን ቀሪውን የምንሰማ?

በኦሮምኛ አስረዳችው። የተበላሸው ሞተሩ ሳይሆን የሞተሩ ጉራ ነው አለችው። በኦሮምኛ ጉራ ጆሮ ነው። ተሾመ ኦሮምኛው ብዙም ስላልሆነ ጉራ የምትለውን ቃል ብቻ ለቅሞ «ዳገት የማይወጣ ሞተር ደግሞ የምን ጉራ አለው?» አለ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ፤ ገመቹም ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

በሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንሥተን አንኳኳን፤ ቤቶች ብንል ይግቡ ተባልን፤ ጆሮው ደኅና ነው። ሽቦው ከጆሮው ጋር የሚገናኝበትን ሶኬት ስንከፍት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሞተሩ ከፍተኛ ግፊት ባለው ውኃ ስለሚታጠብ ነው አልን። ጠረግነው፣ አደረቅነው፣ መብራቱን አጠፋነው። ጉደር ድረስ ወስደን መለስናት፤ መብራቱ አልበራም። ገመቹ እጃችንን እየጨበጠ ሄደ። እኔም ያን ቀን ቤት የገባሁት እያፏጨሁ ነው።

ያ ደስታ እስከ ጌዶ ገበያ ቀን ድረስ ነው የቆየ። ጠዋት መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታ፣ ላይዋ ላይ ጆንያ ተጭኖ ዳገቱን ስትጀምር ቢጫዋ መብራት በራች። ተጎተተች፣ ተጎተተች፤ ከኋላ የመጣው ሁሉ እየቀደማት አለፈ። ተሳፋሪው ገበያው እንዳያመልጠው ወርዶ ሌላ መኪና ያዘ። አንዱ ሲወርድ፣ ድሮም ኖክ ናት ተብሎ የለ እንዴ ብሎ ገመቹ እየሰማው ተናገረ። ገመቹ መኪናዋን አዙሮ ባዶዋን ጉደር መለሳትና አዲስ አበባ ላለው አራጅ ደወለ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ሊወስዳት ተቀጣጠሩ።

ይህን የነገረችን አስካለ ናት። ገመቹ አላወቀም፤ በሰው መኪና ተሳፍራ ብቻዋን ጋራዥ መጣች። እኔ ክው አልኩ። በሥራ ዘመኔ መኪና እምቢ ስትለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ድናለች ብዬ የሸኘኋት መኪና ሰው መሀል ባለቤቷን ስታዋርድ ግን አይቼ አላውቅም። ያቺ ሴት ፊታችን ቆማ ስታወራ ስለ መኪናው ያለችው ትንሽ ነው። ያለችው፣ ቦቴው ከወሰደው ልጆቹ እንደገና ያፍሩታል ነው።

ለሊሴ ጨርቋን አውጥታ ያልቆሸሸ እጇን ስትጠርግ ቆየችና እንደ ልማዷ መቼ ብላ ጠየቀች። አስካለ ዳገት ላይ አለቻት። ባዶዋን ስትወጣስ? ባዶዋን አትበራም። በር ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ይህን ከሾፌሩ ይልቅ ያውቀዋል። ለሊሴ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ባዶዋን፣ በሜዳ ነው የሞከርናት» አለች። ለደስታ ቸኩለን ነበር፤ ሶኬቱ ዝጎ ስናገኘው ነገሩ ያለቀ መሰለን።

እሑድ ቅዳሴ እንደ ወጣ ሁለታችን ጉደር ሄድን። ገመቹ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ መጋረጃዎቿ ሳይቀሩ ወልቀዋል። በአክብሮት ተቀበለን፤ መኪናዋን ግን አላስነካም አለ። በእኛ አልተቆጣም፤ ይህን ሳይ ነው የባሰ ያዘንኩት። ተስፋ መቁረጡን ጨርሶ ተቀምጦ ነበር። ደግሞም ለሰውየው ቃል ሰጥቻለሁ፣ ነገ ይመጣል አለን።

አስካለ ከቤት ወጣች።

«ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ» አለችው። «መኪናዋ የሁለታችን ናት። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ገመቹ እሷን አየ፣ መሬቱን አየና «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለት ነው። ቁልፉን ያቀበለው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው።

አሁን ጭነት ያስፈልገናል። ዳገቱ አለ፤ ጆንያ ከየት ይምጣ? አስካለ በሩ ላይ ወጣችና እንደ ሥራ ቀን ጠራች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ጎረቤቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆም ቆም አሉ። በነፃ ጌዶ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ ሥራችሁ መክበድ ብቻ ነው አለቻቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ማን ይጠላል? በጥቂት ጊዜ መኪናዋ ሞላች። አንዲት ወፈር ያሉ እናት እኔ ብቻዬን እበቃችኋለሁ ብለው ሁሉን አሳቁ። ለሊሴ ከኮምፒውተሩ በኩል ባለው የሽቦ ጫፍ ላይ ቴስተሯን አገናኝታ ከገመቹ ጎን ተቀመጠች፤ እኔ በሁለቱ ወንበሮች መሀል አጎነበስኩ። ሞተሩን እየሰማን ቁጥሩን እንድናይ ዝም በሉልን ብላ ለመነቻቸው። ጉደርን ለቀን ስንወጣ ያ ሁሉ ሰው ጸሎት ላይ እንዳለ ጸጥ አለ።

ሜዳው ላይ ቁጥሩ ሞተሩ ሲጮህ ከፍ፣ ሲረጋ ዝቅ ይላል፤ ጆሮው ይሰማል ማለት ነው። ዳገቱን ጀመርን። ገመቹ ማርሽ ቀነሰና ቤንዚኑን ረገጠው። ሞተሩ ከሥሬ ሲጨነቅ ይሰማኛል፤ ቁጥሩም ከፍ አለ፣ ከፍ አለ። ከዚያ ድንገት ወደ ዜሮ ወረደ። ወዲያው ቢጫዋ መብራት በራች።

«አሁን» አለች ለሊሴ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። መብራት በርቶ ደስ ያለው ሰው አይቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳር አስያዝነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቁጥሩን ማየት ስለማይቻል በመዶሻ አንኳኳን፤ ሽቦው እንደገና ደኅና ሆኗል። በእጅ ብንነቀንቀው፣ ብናጣምመው ምንም የለም። እኔ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር አንሥቼ ገመቹን፣ ሞተሩን አስነሥተህ ፍሬኑን ጭምቅ አድርገህ ያዝ፣ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅ አልኩት። ሲለቀው መኪናዋ መሄድ ፈልጋ መሄድ አቃታት፤ ሞተሩ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ አርጅቶ ተሰንጥቋል። ሸክም ሲበዛ ሞተሩ ይጋደላል፣ ሲጋደል የጆሮውን ሽቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወጥሮ ይይዘዋል። ለሊሴ ቦታውን በጣቷ ዳሰሰችው። ላስቲኩ ከላይ ደኅና ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ሲላላ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፣ ሲወጠር ይለያያል። ባዶ መኪና ይህን በምን ያሳየን!

የሆነውን ጮክ ብዬ ለተሳፋሪው ነገርኩት። ወፈር ያሉት እናት፣ አላልኳችሁም፣ ክብደቴ ነው ያሳያችሁ አሉ። የጆሮ ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም፤ የካንዴላው እሳት እንዳይረብሸው በሌላ ሽቦ ጥልፍ የተሸፈነ ነው። ለሊሴ ከዚያው ዓይነት ቁራጭ ይዛ መጥታ ነበር። የተበጠሰውን ቆርጣ ጣለች፣ አዲሱን ዘለግ አድርጋ ቀጠለች፣ መሸፈኛውን ከመሸፈኛው አገናኘች፣ እንዳይወጠር ፈታ አድርጋ አሰረችው። ለሞተሩ መቀመጫ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ለጊዜው የሚሆን ሽብልቅ አስገባሁለት፤ ማታውን ተሾመ ራሱ ጋራዡን ከፍቶ ደኅናውን ገጠመለት።

ተሳፈርን። ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ሰዎቹ እንደገና ዝም አሉ። መኪናዋ ዳገቱን ያዘች። የቅድሙን ቦታ አለፍን፤ መብራት የለም። የመጨረሻውን ጠመዝማዛ አለፍን፤ መብራት የለም። ጌዶ ገብተን ገመቹ መኪናዋን አቆመ። አስካለ በሩን ከፍታ ልክ እንደ ሥራ ቀን «ጌዶ ወራጅ!» አለች፤ መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ፣ እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ገመቹ ዞሮ አያት። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ አቧራ ነው ብዬ እንዳልዋሽ መኪናው ውስጥ አቧራ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አራጁ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ገመቹ ማታ ሊያገኘው ደጋግሞ ቢደውልም ስልኩ አልሠራም። ሰውየው መኪናዋን እየነዳ ሊመለስ አስቦ ነው ያለ መኪና የመጣው። ጉደር ደርሶ ቤታቸውን አጠያይቆ ሲያንኳኳ የአስካለ እናት ወጥተው፣ ሥራ ላይ ናት፣ ማታ ትገባለች አሉት። ስለ ልጃቸው ይናገሩ ስለ መኪናዋ አላወቀም።

እኔ በዚያ ሰዓት አምቦ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጋራዡ አጠገብ ነው፤ ተሾመም አብሮኝ ነው፤ ሁለታችንም ሌላ ሥራ እንዳለን አስመስለን እየጠበቅን ነው። ከጌዶ የሚመጣው ሁሉ ገባ። በመጨረሻ የአስካለ መኪና ጢም ብላ ሞልታ፣ መጋረጃዋ ተመልሶ ተሰቅሎ መጣች። ቀድሞ ከፊት ወንበር የወረደው የማናውቀው ሰው ነው። አራጁ ነው። ከጉደር የሚመልሰው መኪና አጥቶ መንገድ ዳር ቆሞ የመጀመሪያዋን ሚኒባስ እጁን አውጥቶ ሲያስቆም እሷው ሆና አገኛት። ሊያርደው በመጣው ሞተር ላይ ተቀምጦ ነው አምቦ የገባው።

ገመቹ በመሀል መንገድ የደወልኩልህ እኔ ነኝ ሲለው ሰውየው በሳቅ ሊሞት ነበር አሉ። ደግ ሰው ነበር፤ እሱም ሥራውን ነው የሚሠራው። ወርዶ ቆመና ሞተሩን ለአፍታ አዳመጠው፤ የሙያ ሰው ነውና። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ ምኗ ይታረዳል?» አለ።

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አስካለ ሒሳብ አልቀበልህም አለችው። ሰውየው፣ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ አንድ ቡሎን እንኳ ሳልይዝ ልመለስ ነው ብሎ ቀለደ። ገመቹ በመስኮቱ ብቅ አለ፤ ያን ቀን ፊቱን ያየ ሰው ያ በረንዳ ላይ ያገኘነው ሰው ነው ቢሉት አያምንም።

«ሌላ ጊዜ ስትመጣ ደውልልኝ» አለው። «ከፊት ወንበር እይዝልሃለሁ።»

አስካለ በሩ ላይ ወጥታ ጉደር፣ ጌዶ እያለች መጥራት ጀመረች። ወዲያው ሞላላት፤ ሄዱ።